ትርፍ ቤንዚን ይዞ ስለ መንገድ መሄድ

በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቀን የቅዱስ ገብርኤልን በዓል ለማክበር ወደ ቁልቢ፣ መስከረም 21 ቀን ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ፣ በልደትም በዓል ወደ ላሊበላ የሚጓዘው ሕዝበ ክርስቲያን እጅግ ብዙ ነው። የቀደሙት አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን መንገድ በእግርና በበቅሎ ይሄዱት በነበረበት ዘመን ስንቃቸው በሶና ዳቦ ቈሎ ነበረ። ዛሬ ግን ጕዞው በመኪና ስለ ሆነ፣ ለሰው ከሚያዘው ስንቅ ሌላ ለመኪናውም ስንቅ ይያዝለታል፤ ይኸውም በጀሪካን የተቀዳ ትርፍ ቤንዚን ወይም ናፍጣ ነው። ነዳጅ በየማደያው ሁልጊዜ እንደ ልብ የሚገኝ ባለመሆኑና ሰልፉም የሚያደክም በመሆኑ፣ ይህን የሚያደርገውን ሰው ያለ ምክንያት አደረገ ብለን አንነቅፈውም። የምንነቅፈው አያያዙን ነው።

በብዙ ሚኒባሶች ላይ እንደ ተመለከትነው፣ ትርፉ ቤንዚን የሚቀዳው የምግብ ዘይት በነበረበት ቢጫ የፕላስቲክ ጀሪካን ነው። ስፍራውም ከመጨረሻው መቀመጫ በስተኋላ፣ አለዚያም ከመቀመጫ ሥር ከተሳፋሪው እግር አጠገብ ነው። በላዩ ጋቢና የልጆች ልብስ ይደረደርበታል፤ ከጎኑም የምሳ ዕቃው ይቀመጣል። በዚያው መኪና ውስጥ አያት፣ እናት፣ ልጅና የልጅ ልጅ ተጨናንቀው ተቀምጠዋል፤ መስኮቱም ብርዱን ወይም አቧራውን ለመከላከል ተዘግቷል። ሲመሽም መዝሙር ሲዘመር ጧፍ የሚያበራ ሰው አይታጣም። አንድ ቤተ ሰብ በሙሉ ባንድ በር ብቻ ከሚወጣበት መኪና ውስጥ ይህን ሁሉ ባንድነት ማኖር ምን ያህል አስፈሪ እንደ ሆነ ለማስረዳት፣ አስቀድሞ የቤንዚንን ጠባይ መናገር ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው እንደሚመስለው የሚነደው ፈሳሹ ቤንዚን አይደለም፤ የሚነደው ከፈሳሹ የሚወጣው ተን ነው። ውሃ ሳይፈላም ጥቂት በጥቂት እንደሚተን ሁሉ ቤንዚንም ይተናል፤ ነገር ግን የቤንዚን መትነን ከውሃው እጅግ የፈጠነ ነው። ብርዱ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ በሆነበት ስፍራ እንኳ ለመቀጣጠል የሚበቃ ተን ያወጣል። ይህም ማለት በአገራችን ከደጋው ጫፍ እስከ በረሃው ድረስ፣ ሌሊትም ሆነ ቀን፣ የተከፈተ የቤንዚን ዕቃ ሁልጊዜ ለመንደድ የተዘጋጀ ነው ማለት ነው። ናፍጣ ግን ከ50 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ በቂ ተን ስለማያወጣ በዚህ ረገድ ይሻላል። ይሻላል ስንል ግን አይነድም ማለታችን አይደለም፤ በጋለ ብረት ላይ የፈሰሰ ወይም ጨርቅ ያራሰ ናፍጣ ደኅና አድርጎ ይነዳል።

የቤንዚን ተን ሁለተኛው ጠባይ ከአየር መክበዱ ነው። ክብደቱ ከአየር ሦስት ወይም አራት እጥፍ ስለ ሆነ ወደ ላይ ወጥቶ በመስኮት አይበተንም፤ እንደ ውሃ ወደ ታች ወርዶ በመኪናው ወለል ላይ ይተኛል፤ ከመቀመጫ ወደ መቀመጫ እየተሳበም ይሄዳል። ስለዚህ ከኋላ ያለው ጀሪካን ያፈሰሰው ተን ከፊት ባለው እሳት ሊያዝ ይችላል። እሳቱም በመጣበት መንገድ ተመልሶ ወደ ጀሪካኑ ይሮጣል። «ጧፉ ከቤንዚኑ ሩቅ ነው» የሚለው የብዙ ሰዎች መጽናኛ ዋጋ የሌለው ስለዚህ ነው።

በትምህርት ቤት ለተማሪዎቻችን እንደምናደርገው እዚህም ጥቂት ስሌት እንጨምር። የቤንዚን ተን ከአየር ጋር ተቀላቅሎ የሚነደው፣ ከመቶው አየር ውስጥ ከ1.4 እስከ 7.6 እጅ ያህል ሲሆን ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን በሙሉ ቢተን ከ10 ሜትር ኩብ የሚበልጥ አየር ወደሚነድ አየር ለመለወጥ ይበቃል። የሚኒባስ ውስጡ በጠቅላላው ከዚህ አይበልጥም። እንግዲህ ከሃያው ሊትር አንዱ ሊትር ብቻ ቢንጠባጠብ መኪናውን በሞላው አደገኛ ያደርገዋል ማለት ነው፤ ተኑ በወለሉ ላይ የሚከማች በመሆኑ ደግሞ ከዚያ በጣም ያነሰውም ይበቃል።

አሁን ወደ ጀሪካኑ እንመለስ። እኛ ማንኛውንም ባለ እጀታ ዕቃ ጀሪካን ብንለውም፣ ስሙ የመጣው ለነዳጅ ብቻ ታስቦ ከተሠራ ዕቃ ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1937 ዓ.ም. ፊንሰንስ ግሩንፎግል የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ ለአገሩ ጦር ሠራዊት 20 ሊትር የሚይዝ የብረት ዕቃ ሠራ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች በሰሜን አፍሪካ በረሃ ቤንዚናቸውን የሚያጓጕዙት በስስ ቆርቆሮ ስለ ነበረ፣ ቆርቆሮው እየተቀደደ ብዙ ነዳጅ በአሸዋ ላይ ይፈስባቸው ነበር። ስለዚህ ከጀርመኖች የማረኩትን ዕቃ ይሽቀዳደሙበት ጀመር፤ ኋላም አስመስለው ሠሩት። «ጀሪ» እንግሊዞች ለጀርመን ወታደር ያወጡለት ቅጽል ስም ሲሆን፣ «ካን» ማለት ቆርቆሮ ነው። በላዩ ያሉት ሦስት እጀታዎች ሁለት ሰዎች ባንድነት እንዲይዙት፣ ከእጅ ወደ እጅም እንዲቀባበሉት የታሰቡ ናቸው። ክዳኑ የሚጠመዘዝ ሳይሆን በብረት ማንሻ ተጫንቆ የሚቆለፍ ነው። ከእጀታው በታች ያለው ጕብታም 20 ሊትር ሙሉ ተቀድቶበት እንኳ አየር እንዲተርፍበት ሆኖ የተሠራ ነው።

ይህ የአየር ቦታ ለጌጥ የተደረገ አይደለም። ቤንዚን ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቍጥር ከመቶው አንድ እጅ ያህል ይሰፋል። የቁልቢን መንገድ ለምሳሌ እንውሰድ። ከአዲስ አበባ በታኅሣሥ ማለዳ፣ ገና ብርዱ ሳይለቅ፣ 20 ሊትር ቤንዚን በጀሪካን እስከ አፉ ተሞልቶ ተነሣን እንበል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት፤ አዋሽ ስንደርስ ወደ 1,000 ሜትር ግድም ወርደናል፤ ሰዓቱም ቀትር ነው። ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ቢጨምር ቤንዚኑ 0.4 ሊትር ያህል ይሰፋል፤ መስፊያ ስፍራ ግን አላገኘም። ከዚያም በጭሮ በኩል አድርገን ከ2,000 ሜትር በላይ ወደሆነው ወደ ጨርጨር ደጋ ስንወጣ የውጭው አየር ግፊት ይቀንሳል፤ በጀሪካኑ ውስጥ የታፈነው ተንም ወደ ውጭ ይገፋል። የዘይት ጀሪካን ክዳን ይህን ግፊት እንዲችል የተሠራ አይደለም። ዘይት አይተንም፤ አይገፋምም። ስለዚህ ጀሪካኑ እንደ ተነፋ ፊኛ ያብጣል፤ በክዳኑ ዙሪያ ያለቅሳል፤ ተሳፋሪውም «ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል» ብሎ አፍንጫውን በነጠላው ይሸፍናል። ሽታው የሚነግረው ግን አፍንጫን እንዲሸፍን ሳይሆን መኪናውን አስቁሞ እንዲወርድ ነው።

ስለ ዕቃው የምንለው እንግዲህ ይህ ነው። ለነዳጅ ተብሎ የተሠራ፣ ክዳኑ ጎሚኒ ያለውና ሲገለበጥ የማያንጠባጥብ ጀሪካን ይገዛ። ዋጋው ከቢጫው ጀሪካን ዋጋ ብዙ እንደሚበልጥ እናውቃለን፤ ነገር ግን የአንድ ቤተ ሰብ ሕይወት ተመዝኖ የሚገዛ ስለ ሆነ ውድ ነው ለማለት አንደፍርም። መግዛት ያልቻለ ሰው ትርፍ ቤንዚን ባይዝ ይሻለዋል። ሲቀዳም እስከ አፉ አይሞላ፤ ከ20ው ሊትር ቢያንስ የአንድ ሊትር ስፍራ ይተውለት። በሚቀዳበት ጊዜ ጀሪካኑ ከመኪናው ወርዶ በመሬት ላይ ይቀመጥ እንጂ በመኪናው ውስጥ ወይም በፕላስቲክ ምንጣፍ ላይ እንዳለ አይቀዳበት። ምክንያቱም ቤንዚን በቱቦ ሲወርድ፣ የሱፍ ልብስ ሲወልቅ እንደሚንጣጣው ያለ የኤሌክትሪክ ኀይል ያከማቻል፤ ዕቃው መሬት ካልነካ ይህ ኀይል መውጫ አጥቶ ድንገት ብልጭ ሊል ይችላል። የማደያው ቱቦ ጫፍም የጀሪካኑን አፍ እንደ ነካ ቀስ ተብሎ ይቀዳ። ማደያው በጀሪካን መቅዳት ተከልክሏል ካለ ደግሞ በልመናና በምልጃ ሕግ ማስፈረስ አይገባም።

የት ይጫን? እውነቱን ለመናገር በመኪና ላይ ለትርፍ ቤንዚን የሚመች ስፍራ የለም፤ የምንመርጠው ከክፉዎቹ ውስጥ ቀላሉን ነው። ሰው በተቀመጠበት ክፍል ውስጥ ከቶ አይሆንም። ከኋላው ፓራውልት ላይ ማሰርም ከኋላ የሚመጣ መኪና ቢገጭ የመጀመሪያውን ምት የሚቀበለው ቤንዚኑ እንዲሆን ማድረግ ነው፤ ከዚያ አጠገብም የጋለው የጢስ ማውጫ አለ። ሾፌሮች ፖርቶ መጋላ የሚሉት የጣሪያ ዕቃ መጫኛ ከሁሉ ይሻላል፤ ተኑ በነፋስ ይበተናል፤ ቢያንጠባጥብም ከሰው ክፍል ውጭ ነውና። ዳሩ ግን እዚያም ቢሆን ክብደቱ ይታሰብ። 20 ሊትር ቤንዚን 15 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ የብረቱ ጀሪካን ደግሞ 4 ኪሎ ግድም ነው። ሦስት ጀሪካን ከተጫነ በጣሪያው ላይ 57 ኪሎ ተጨመረ ማለት ስለ ሆነ፣ በጠመዝማዛ መንገድ መኪናውን ወደ መገልበጥ ይስበዋል። ስለዚህ አንድ ይበቃል። እርሱም ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ በላስቲክ ሳይሆን በጠንካራ ጠፍር ወደ ሁለት አቅጣጫ ታስሮ፣ ከፀሐይም በወፍራም ሸራ ተሸፍኖ ይሂድ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ግን አጥብቀን የምንናገረው የሚከተለውን ነው። መንገደኛ በልማዱ ስንቁን ይቈጥባል፤ በቅድሚያ በመንገድ ያገኘውን ይበላል፤ ስንቁን ለክፉ ቀን ያቈያል። ሾፌሮቻችንም ይህን ልማድ ወደ ነዳጅ አዛውረው፣ ታንኩ ጨርሶ እስኪደርቅ ድረስ ጀሪካኑን አይነኩትም፤ ብዙ ጊዜም ሳይነኩት ቁልቢ ደርሰው ይመለሳሉ። ይህ ማለት አደገኛውን ጭነት 900 ኪሎ ሜትር ያህል በከንቱ ተሸክመውት ዞሩ ማለት ነው። ለነዳጅ ከሁሉ የሚሻለው መያዣ የመኪናው የገዛ ታንክ ነው፤ መሐንዲሶች ለመጋጨትም ለመሞቅም አስበው የሠሩት እርሱን ነውና። ስለዚህ ታንኩ 20 ሊትር የሚቀበል ስፍራ እንዳገኘ፣ መኪናው በሚያርፍበት በመጀመሪያው ደኅና ስፍራ፣ ጀሪካኑ ይገልበጥበት። መኪናው በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር የሚፈጅ ቢሆን፣ 170 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተሄደ ስፍራው ተገኘ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ባዶ ጀሪካን ይዞ መሄድ ይቻላል። በመንገድም ማደያ በተገኘ ጊዜ ታንኩ ገና ግማሽ ሳለ መሙላት፣ «ሌላው ከፊት አለ» ብሎ አለማለፍ፣ ከማናቸውም ጀሪካን የሚሻል ስንቅ ነው።

ቤንዚኑን ከጀሪካን ወደ ታንክ ሲገለብጡ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ሰውም ሁሉ ወርዶ ራቅ ብሎ ይቁም። አፉ ሰፊ ጫፉ ጠባብ የሆነ መቅጃ ያስፈልጋል። መቅጃው ከቤት ሲወጣ ስለሚረሳ፣ ቱቦ በአፍ ስቦ ማውረድ በአገራችን እንደ ሙያ ተቈጥሯል፤ ይህ ግን ከቶ የማይገባ ነገር ነው። የቤንዚን ክፉ ጉዳት በሆድ ሳይሆን በሳንባ ነው፤ አንድ ጕንጭ ብቻ ወደ ሳንባ ቢገባ ሰውየውን ለከባድ የሳንባ ሕመም ይጥለዋል። የዋጠም ሰው ቢኖር እንዲያስመልሰው አይደረግ፤ ሲያስመልስ ያው ቤንዚን እንደ ገና በጕሮሮው ሲያልፍ ወደ ሳንባ ሊሳብ ይችላልና። ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።

ይህን ስናነሣ ስለ ጠበል አንድ ነገር መናገር ግዴታችን ሆኖ ይሰማናል። ተሳላሚው ከበዓሉ ሲመለስ ለታመሙ ዘመዶቹና ለጎረቤቶቹ ጠበል ይዞ ይመለሳል። ጠበሉ የሚቀዳውም በዚያው ዐይነት ቢጫ ጀሪካን ነው። በአንድ መኪና ውስጥ አምስት ጠበልና አንድ ቤንዚን ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ በጨለማ፣ ድካምና እንቅልፍ በተጫናቸው ሰዎች እጅ ሲወርዱና ሲታደሉ ማሰብ ያስደነግጣል። በሽተኛ ጠበልን በእምነት ይጠጣዋል እንጂ አሽትቶ አይመረምረውም፤ ሕፃንም ከእናቱ እጅ የተሰጠውን ይቀበላል። የነዳጅ ዕቃ በቀለሙም ሆነ በቅርጹ ከመጠጥ ዕቃ ፈጽሞ የተለየ መሆን የሚያስፈልገው ይልቁንም ስለዚህ ነው። ቤንዚን አንድ ጊዜ የገባበት ፕላስቲክም በሳሙና ቢታጠብ፣ በፍል ውሃ ቢለቀለቅ ለውሃ፣ ለጠላ ወይም ለዘይት አይመለስም፤ ፕላስቲኩ ራሱ ቤንዚኑን መጥጦታልና። ለላምባም እንኳ አይሁን። ላምባ በራሱ ከቤንዚን የረጋ ነዳጅ ነው፤ ነገር ግን ጥቂት የቤንዚን ትርፍ ቢቀላቀልበት፣ እመቤቲቱ እንደ ወትሮው ምድጃዋን ለመለኰስ ስትቀርብ በፊቷ ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

በውጭ አገር የሚኖሩ አንባብያን ደግሞ በክረምት ዕረፍታቸው መኝታና ማድ ቤት ያለበትን መኪና ተከራይተው ከልጆቻቸው ጋር አገር ለአገር እንደሚዞሩ እንሰማለን። እነርሱ መንገዱም ማደያውም የተመቻቸላቸው ስለ ሆነ የትርፍ ነዳጅ ችግር የለባቸውም፤ ነገር ግን ርካሽ ወደ ሆነበት አገር ሲሻገሩ ቀድቶ የመመለስ ፈተና አለ። በአውሮፓ አደገኛ ዕቃን በመንገድ ስለ ማጓጓዝ የተደረገው ስምምነት ለግል ሰው ባንድ መያዣ ከ60፣ በጠቅላላው ከ240 ሊትር እንዳይበልጥ ይወስናል። የሕጉ ወሰን ግን የጥንቃቄ ወሰን አይደለም። በእንዲህ ያለው መኪና ውስጥ የጋዝ ምድጃ አለ፤ በጋዝ እሳት የሚሠራ ማቀዝቀዣም ይኖራል፤ ሰውም በውስጡ ይተኛል። ከወለሉ ላይ የሚሳበው ተን በሌሊት እነዚህን እሳቶች ሲያገኝ ልጆቹ ተኝተዋል። እዚያ ላሉት የምንመክራቸው ከአሥር ወይም ከሃያ ሊትር ሳያልፉ፣ እርሱንም ከመኝታው ክፍል ውጭ እንዲያደርጉት፤ ባይዙት ደግሞ እጅግ እንዲሻላቸው ነው።

እሳት ቢነሣ አስቀድሞ ሰው ይውጣ፤ ጋቢውም ሻንጣውም ይቅር። በሚነድ ቤንዚን ላይ ውሃ መድፋት እሳቱን ማስፋፋት ነው፤ ቤንዚን በውሃ ላይ እየተንሳፈፈ ይነዳልና። የሚያጠፋው የደረቅ ዱቄት እሳት ማጥፊያ ነው፤ እርሱ ከሌለ አሸዋና አፈር ነው። ማጥፊያው በየሚኒባሱ ባይጠፋም፣ የሚገኘው ከሻንጣ ሁሉ ሥር ነው። ስፍራው ከሾፌሩ እጅ አጠገብ ነው፤ የግፊቱ መለኪያም ቀስቱ በአረንጓዴው ላይ መሆኑ ከመነሣት በፊት ይታይ። ይህን ለማየት አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም፤ የጕዞው አስተባባሪ የተሳፋሪውን ስም ሲጠራ ይህንም አብሮ ቢጠይቅ መልካም ነው።

የቤንዚን የግል መኪና ወደ አገራችን እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ስለ ተከለከለ ይህ ምክር ዕድሜው አጭር ነው የሚሉን ይኖራሉ። ቀድሞ የገቡት መኪናዎች ግን ገና ብዙ ዘመን በመንገድ ላይ ይኖራሉ፤ ባለቤቶቻቸውም ጠንቅቀው ይይዟቸዋል።

ከጕዞ መልስ ባዶው ጀሪካን ወደ ቤት ይገባል። ባዶ ነው ብሎ ከማድ ቤት ማስቀመጥ አይገባም፤ ቤንዚኑ አልቆ ተኑ ብቻ የቀረበት ዕቃ፣ ውስጡ በሚነድ አየር የተሞላ ስለ ሆነ፣ ከሙሉው ይልቅ ለመፈንዳት የቀረበ ነው። ክዳኑ ተዘግቶ፣ ከመኖሪያው ተለይቶ፣ ልጆች በማይደርሱበት በጥላ ሥር ይቀመጥ። ቀዳዳ ቢያወጣም ወደ በያጅ አይወሰድ፤ ታጥቧል ቢባል እንኳ አይበየድ፤ አሮጌው ይወገድና ሌላ ይገዛ።